ሥራ ለመጠየቅም ክፍያ?
አሁንስ በዛ! ገቢ ፍለጋ የወጣን ሰው በሥራ መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ የሥራ ማስታወቂያ ለማየት አስቀድመህ ክፈል ይባላል? ካርድህን ታስገባለህ፣ ወርሃዊው ይቆረጣል። ውስጡስ? ከወራት በፊት ሰው የተቀጠረበት ሥራ! «አመልክት» የሚለውን ስትጫን የቀጣሪው የራሱ ድረ ገጽ ላይ ይጥልሃል፤ እዚያ ለማንም በነፃ ተለጥፏል። የሥራውን ርዕስ ገልብጦ ጎግል ላይ መፈለግ ይበቃ ነበር። ታዲያ ምኑን ነው የሸጡልን?

ነጥብ በገንዘብ እየተገዛ፣ በዚያ ነጥብ ማመልከቻ የሚላክባቸው ድረ ገጾችማ ይብሳሉ። አሠሪው ማመልከቻህን ሳይከፍት ቢቀርም፣ ማንንም ሳይቀጥር ቢጠፋም ነጥብህ ተበልቷል። ወርሃዊውን ክፍያ ልሰርዝ ስትል ደግሞ የመሰረዣው ቁልፍ የት አለ? ቅንብር፣ ክፍያ፣ ዕቅድ መቀየሪያ እያልክ ስትቆፍር የእድሳቱ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው ወርም ሄደ። ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን ከክፍያው በፊት ማሳየት ይህን ያህል ይከብዳል?