«ወረቀት እኮ ነው» አትበሉኝ

ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ገና ጾሙ ሳይፈታ አንጀቴ ቆስሎ ነው የሰነበትኩት። ለሰው ስናገር «ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የሆንከው?» መባል ስለሰለቸኝ እዚህ ልተንፍሰው። ረጅም ነው። ያልቸኮለ ያንብበው።

አልጋ ሥር አንድ የሳሙና ካርቶን ነበረኝ። ከሁለተኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ክፍል ያጠራቀምኩት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ እዚያው ተውኩት፣ ሥራ ስይዝም እዚያው ተውኩት፣ አዲስ አበባ የምከራያት ቤት ጠባብ ስለሆነች «እናቴ ጋ ይቀመጥ፣ የት ይሄዳል» ብዬ። ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጎንበስ ብዬ እጄን ብሰድ ባዶ ነው። እናቴ የጉልባኑን ባቄላ እየለቀመች ነበር። ጠየቅኋት። «እሱን ወረቀት? ለባለሱቁ ሰጠነው እኮ። አይጥ ሲራባበት ዝም ልበል? ወረቀት እኮ ነው ልጄ፣ ምን ያረግልሀል ብየ ነው?» አለችኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በሚዛን እንደተሸጠ ነገረኝ። አራት ኪሎ ተኩል። ለኦቾሎኒና ለቆሎ መጠቅለያ።

እስኪ ምን እንደነበረበት ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ማስቲካ ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣው ሥዕል ነበረበት፣ ያ በምራቅ አርሰን ክንዳችን ላይ የምናትመው። ሌላው ልጅ ሲያትም እኔ አላትምም ነበር። ክንድ ላይ የታተመ ሥዕል ዕድሜው እስከ ቅዳሜ ገላ መታጠቢያ ድረስ ነው። እኔ በደብተር ቅጠል መሐል አስቀምጠው ነበር። ስፓይደርማንና የእግር ኳስ ተጫዋች ያለባቸው የደብተር ሽፋኖችም ነበሩበት፣ ደብተሩ ሲያልቅ በምላጭ እየለየሁ ያስቀመጥኳቸው። አንዳንዱን በሦስት ብይ ለውጬ ነው ያገኘሁት። ብይ ያኔ ብይ ነበር።

ከሁሉ የበለጠብኝ ግን ኮሚኩ፣ ያ በሥዕል የሚተረከው መጽሔት ነው። ከአሜሪካ የመጣ የጎረቤታችን ዘመድ ለልጆች ካመጣው ልብስ መሐል አንድ የስፓይደርማን ኮሚክ ተገኘ። ሰው ሁሉ ሹራቡን ሲሻማ እሱን ዞር ብሎ ያየው የለም፣ ለእኔ ተረፈኝ። ሽፋን የለውም፣ የመጨረሻዎቹ ገጾችም የሉም። እንግሊዝኛ ገና ፊደሉን እየቆጠርን ስለነበር የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ነው እየተረጎመ ያነበበልን። ልጁ ፒተር ፓርከር እናትና አባት የለውም፣ አጎቱ ቤንና አክስቱ ሜይ ናቸው ያሳደጉት። ይህን ሲሰማ ጓደኛዬ ዝም አለ። እሱንም ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ማታ ኮሚኩ እሱ ቤት ነው የሚያድረው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመልስልኛል። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ እንደ ፈረንጆቹ በ1962 ይህን ልጅ ሲፈጥሩ፣ አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የሙት ልጅ በኩራዝ ብርሃን «ይኸ እኔን ነው» እንደሚል አላሰቡም መቼም። እኔ ግን አይቻለሁ።

መጨረሻው ስለሌለ መጨረሻውን ራሴ ሣልኩት። ባለ 50 ሉክ ደብተር ሙሉ። ኒውዮርክን ስለማላውቀው ስፓይደርማን የሚወናጨፈው በእኛው ከተማ ነው። ከአብማ ማርያም ባሕር ዛፍ ይነሣና የቴሌው ማማ ላይ ያርፋል። ድሩን በቀይ ስክሪፕቶ ነው የሠራሁት፣ ሰማያዊው አልቆብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በዚያው ደብተር ጀርባ በላይ ዘለቀን ሣለ። አባ ኮስትርን! ካባ አልብሶ፣ ምንሽሩን አስይዞ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ አቁሞ። ጎፈሬውን ለማጥቆር አንድ ሙሉ እርሳስ ነው የጨረሰው። አምስት ዓመት ጣልያንን የተዋጋው ሰውዬ ታሪክ በየማታው ከሽማግሌ አፍ እየሰማን አድገን፣ ለምን የእሱ ኮሚክ እንደሌለ ሁለታችንም አልገባንም ነበር። ስለዚህ ሠራነው። የሠራነው የአራተኛ ክፍል ልጆች ሆነን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2018፣ ብስራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በኮሚክ ሲያወጣ ሰምቼ በደስታ የምሆነውን ነው ያጣሁት። ወዲያው ትዝ ያለኝ ያ ደብተር ነው። «አልጋ ሥር አለ» ብዬ ለሰዎች በኩራት አውርቻለሁ።

አሁን እንግዲህ ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበታል።

የሚያቃጥለኝ ምን መሰላችሁ? እኛ ቤት ወረቀት የማይቀመጥ ቢሆን ኖሮ አይቆጨኝም ነበር። ይቀመጣል! አባቴ የግብር ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ከሰቀለው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው። የአያቴ የጎራዴ አፎት አለ፣ ጎራዴው ራሱ የለም፣ አፎቱ ግን አለ። ቡፌ ውስጥ ለሠርጋቸው የተሰጣቸው ስኒ አለ፣ አንድም ቀን ቡና ተቀድቶበት አያውቅም። እነዚህን አይጥ አይነካቸውም፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ በሙሉ ይጠብቃቸዋል። የልጅ ዕቃ ሲሆን ግን ዕቃ አይባልም። «የልጅ ነገር» ይባላል። የልጅ ነገር ማለት ደግሞ ባለቤት የሌለው ማለት ነው። ሳይጠየቅ ይሰጣል፣ ሳይጠየቅ ይጣላል፣ ሳይጠየቅ ይሸጣል።

ጎጃም ላይ ይህን መጻፍ ደግሞ ያሳፍረኛል። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ እነዚያ የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ነው! ተማሪው ለራሱ የሚበላው ሳይኖረው ዳዊቱን በማኅደር ከትቶ በትከሻው አንግቶ አገር ለአገር ሲዞር፣ ዝናብ ሲመጣ እሱ ረጥቦ ማኅደሩን በደበሎው የሚሸፍንበት አገር። ብራናን ከእሳትና ከምስጥ ጠብቀን እዚህ ያደረስን ሰዎች ነን። ዳዊትና የስፓይደርማን ሥዕል አንድ ነው አላልኩም፣ አምላክ ይጠብቀኝ። የምለው መጠበቅ እናውቅበታለን ነው። ለልጅ ሲሆን ነው የምንሰስተው።

ትምህርት ቤትም ያው ነበር። አንድ መምህር ከጓደኛዬ ደብተር ሁለተኛውን የበላይ ሥዕል ገንጥሎ ክፍሉ ፊት ቀዶታል፣ «በዚህ ትልቅ ሰው ትሆን መስሎሃል?» ብሎ። ልጁ ከዚያ በኋላ እርሳስ ለሥዕል ሲያነሣ አላየሁትም። የመምህሩን ስም አልጠራም፣ ሥዕሉ ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ሌላው ትዝታችንማ መጀመሪያውኑ በእጅ የሚያዝ አልነበረም። ጎረቤት ቤት ደጃፍ ጫማ አውልቀን፣ መሬት ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እናይ ነበር። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉን እኛ ከደብረ ማርቆስ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንመልሳለን፣ የሚሰሙን ይመስለን ነበር። እኒያ ሰው 42 ዓመት ለልጅ ተረት ሲያወሩ ኖረዋል፣ ትልቅ ሰው ሆነው የልጅን ነገር እንደ ቁም ነገር የያዙ አንድ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው። ሐምሌ 2009 ሲያርፉ አልቅሻለሁ። ቶምና ጄሪም ነበሩ። ሐናና ባርቤራ በ1940 ሲጀምሯቸው ንግግር አላበዙባቸውም፣ በዚህ የተነሣ አሜሪካ ያለው ልጅ ከእኛ የበለጠ የሚገባው ነገር አልነበረም። እኩል ነው የሳቅነው። ከዚያ ዲሽ ያለው አንድ ቤት ተገኘና የኳስ ካርቱኑ ካፒቴን ማጂድ መጣ፣ በዓረብኛ። ኳሷ ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው እስክትደርስ ክፍሉ ያልቃል፣ ለነገ ይቀጥራል። ዓረብኛ የሚያውቅ ስለሌለ የባለዲሹ ልጅ ከራሱ እየፈጠረ ይተረጉምልናል፣ እናምነዋለን። ማጂድ ጃፓናዊ መሆኑን፣ እውነተኛ ስሙም ፁባሳ መሆኑን፣ ዮይቺ ታካሃሺ በ1981 እንደጀመረው ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ከዚያ ሁሉ በእጄ የቀረኝ ምን ነበር? የማጂድን ማልያ ቁጥር፣ 10ን፣ የጻፍኩባት አንዲት የደብተር ሽፋን። እሷም ካርቶኑ ውስጥ ነበረች።

«ሌላ አገር ቢሆን» ማለት አልወድም፣ ይህን ግን ሳልናገር አላልፍም። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች ካረፈች እናታቸው ቤት፣ እኛ ቆጥ የምንለው ዓይነት ቦታ ላይ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ሥር የተቀመጠ ካርቶን አገኙ። ውስጡ በ1939 የታተመው የሱፐርማን ኮሚክ ቁጥር 1 ነበረበት። ያኔ 10 ሳንቲም ነበር የሚሸጠው። በ2025 በጨረታ 9.12 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ይህን ለወንድሜ ብነግረው የሰማው ሚሊዮኑን ብቻ ነው። «ያንተም እንዲህ ያወጣ ነበር?» አለኝ። አያወጣም! የእኔ አምስት ብር አያወጣም! እኔን የነካኝ ሌላ ነው። ያች እናት ካርቶኑን አልጣለችም። የራሷን የልጅነት ዕቃ ከቆጥ ሰቅላ፣ ጋዜጣ ደርባበት፣ እስክትሞት አቆየችው። ዘጠኝ ሚሊዮኑ ቢቀር እንኳን እነዚያ ልጆች ቆጡ ላይ ሲወጡ እናታቸው ትጠብቃቸው ነበር።

እናቴን ግን አልወቅስም። ወይም ልወቅሳት ጀምሬ ይጨንቀኛል። እሷ ልጅ ሳለች ውኃ ስትቀዳና ጥጃ ስትጠብቅ ነው ያደገችው፣ ካርቶን የምትሞላበት ነገር ማን ሰጣት? «የኔ ዓለም፣ ይኸን ያህል መሆኑን መቼ ነገርከኝ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው፣ አልነገርኳትም። እኔም አፍሬ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው «እማየ፣ የስፓይደርማን ሥዕሌን አደራ» ብሎ ስልክ ይደውላል? መደወል ነበረብኝ።

ስቅለት ዕለት ከስግደት መልስ ባለሱቁ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሰው ናቸው። «ግባና ፈልግ ልጄ፣ የተረፈ ካለ» ብለው ከባንኮኒው ኋላ ያለውን ማዳበሪያ አሳዩኝ። ደብተሩን ለጥቅል እንዲመች እያንዳንዱን ቅጠል አራት ቦታ ቆርጠውታል። ተንበርክኬ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለግሁ። የሒሳብ፣ የኅብረተሰብ፣ የሰው ደብተር ጭምር። ከእኔ ሣጥን ያገኘሁት አሥራ አንድ ቁራጭ ነው። አሥሩ የክፍል ማስታወሻ ነው። አሥራ አንደኛው ላይ የባሕር ዛፉ ጫፍ፣ ከእሱ የተወረወረው ቀይ ድር፣ ደግሞም ሁለት እግሮች አሉ። ከወገብ በላይ ያለው ሌላኛው ቁራጭ ላይ ነበር፣ እሱ ተሸጧል። ቀዩ ቀለም አልደበዘዘም። ጠርዙ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ስክሪፕቶውን ተጭኜ የጻፍኩበት ጎድጎድ ያለው መስመር አሁንም ይሰማል።

የበላይን ሥዕል አላገኘሁም። ጓደኛዬ አሁን በሕይወት የለም፣ ከእጁ የቀረ ሌላ ነገር እንዳለም አላውቅም።

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ በዚህ ሁለት ወር ውስጥ በተሰመረ የደብተር ወረቀት ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ የተጠቀለለላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሳትጥሉት ጀርባውን እዩልኝ። በእርሳስ የጠቆረ ትልቅ ጎፈሬ ካያችሁ፣ ካባና ምንሽር ካያችሁ፣ ዘይት ቢነካውም፣ ቢቀደድም ግድ የለም። መጥቼ እወስደዋለሁ።