ሦስተኛ ዙርም መፈንቅለ መንግሥት ነው

የካቲት ሲገባ የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ይመጣሉ፣ መንገድ ይዘጋል። ረዳቱ መሀል መንገድ ላይ «ወራጅ! ከዚህ አያልፍም» ይላል፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። አንዴ እንዲሁ ወደ ሳር ቤት ሳዘግም ጥቁር መኪኖች በሳይረን አለፉን። አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ የጫማውን አቧራ እያራገፈ «ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ይሆን ተመርጦ የመጣው?» አለኝ። ሳቅን። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

ኅብረቱ ወታደር ሥልጣን ሲይዝ ማገድ ያውቅበታል። ማሊን፣ ሱዳንን፣ ቡርኪና ፋሶን፣ ኒጀርን፣ ጋቦንን አግዷል። ደግ አደረገ። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በፊት ያለው ዝምታ ነው።

ጊኒን እንይ። አልፋ ኮንዴ በፈረንጆቹ 2020 ሕገ መንግሥቱን አስቀይረው ለሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ተወዳደሩ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሰው ሞተ። ጊኒ አልታገደችም። በዓመቱ፣ መስከረም 2021 ላይ፣ ኮሎኔል ማማዲ ዱምቡያ ገለበጧቸው፤ ኮናክሪ ውስጥ በደስታ የጨፈረ ብዙ ነበር። እገዳው የመጣው ያኔ ነው።

ሕግ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2007 እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር አለ። አንቀጽ 23 የዴሞክራሲያዊ ሥልጣን ሽግግርን መርህ የሚጥስ የሕገ መንግሥት ማሻሻያን ከመፈንቅለ መንግሥት ጋር አንድ ላይ ነው የሚዘረዝረው። አንቀጽ 25 ደግሞ የገለበጠ ሰው ሥርዓቱን ለመመለስ በሚደረገው ምርጫ እንዳይወዳደር ይከለክላል።

ታዲያ ማን ሰማው? የቻዱ ማሃማት ዴቢ በ2021 አባታቸው ሲሞቱ በወታደራዊ ምክር ቤት ሥልጣን ያዙ። ቻድ አንድ ቀን እንኳ ሳትታገድ በ2024 ተወዳድረው «አሸነፉ»። የጋቦኑ ኦሊጊ ንጌማ በ2025 ከ90 በመቶ በላይ አገኙ፤ እገዳውም ተነሳ። ዱምቡያም ዓመቱ ሳያልቅ ያንኑ መንገድ ተከተሉ።

(የኡጋንዳውን ሙሴቬኒን አላነሳሁም። ከ1986 ጀምሮ አሉ፤ የሥልጣን ዘመን ገደቡ በ2005፣ የዕድሜ ገደቡ በ2017 ተነሳላቸው። እሳቸው ለብቻቸው ገጽ ይፈልጋሉ።)

በእኔ እምነት የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት መሰብሰብ ያለበት ታንክ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ሲቆም አይደለም። ማሻሻያው ፓርላማ የገባ ዕለት ነው። ለዚያ ስብሰባ ሜክሲኮ ቢዘጋ፣ በእግሬ እሄዳለሁ።