ኩረጃ ሆይ፣ ውለታሽ አይረሳም

እስካሁን ሐውልት ያልቆመልሽ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ስንቱን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አዝለሽ አደረስሽ! ልጁ ካርዱ ላይ በሒሳብ 92 ይዞ ሲገባ እናት ጎረቤት ጠርታ ቡና ታፈላለች፣ አባት ጫማ ይገዛል፤ ያንቺ ስም ግን አንዴም አይነሳም። ልጁ ራሱ እንኳ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አጥንቼ ነው» ይላል።

ሥራሽ ደግሞ እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። ትምህርት ቤቱ አብረው እንዲያጠኑ «አንድ ለአምስት» ብሎ ያደራጃቸውን ልጆች ለፈተና ያዋልሽው አንቺ ነሽ፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ያልፋሉ። ጎበዙ መሐል ይቀመጣል፣ ምልክቱ ይታወቃል፦ ጆሮ ኤ፣ አፍንጫ ቢ፣ አገጭ ሲ፣ ግንባር ዲ። ጎበዙን ጉንፋን የያዘው ቀን ክፍሉ በሙሉ ቢ ያጠቁራል። አጤሬራሽማ ጥበብ ነው። የፊዚክስን ቀመር ሁሉ የክብሪት ቀፎ በምታክል ወረቀት ላይ ለማስፈር ሁለት ሌሊት ይፈጃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ሲጽፉ ሲጽፉ ሳያስቡት የሸመደዱ ልጆች አሉ።

በ2014 ግን ምቀኛ ተነሣብሽ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ። ስልክ በር ላይ ቀረ፤ ፈታኙም የሰፈር ሰው አልሆነም። ከ896 ሺህ በላይ ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ሆኑ፣ 3.3 በመቶ። አንድም ልጅ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በለጡ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ! በካርዱ 90 የነበረው ልጅ 28 በመቶ ይዞ ሲመለስ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ፈተናውን ረገመ። ደግ አደረገ። ካርዱንማ ማን ይጠረጥራል፣ ማኅተም አለበት እኮ።

አንቺ ግን እጅ አልሰጠሽም፤ ቴሌግራም ገባሽ። በፈተናው ዋዜማ «ወጣ» ይባላል፣ ብር ይላካል፣ መልስ ነው የተባለ ፎቶ ይመጣል። በ2008 ፈተናው በእውነት ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የሚያስታውስ ሁሉ ተስፋ አይቆርጥም። ችግሩ የጥያቄ ወረቀቱ ኮድ አንድ አለመሆኑ ነው፤ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ይለያያል። ሌሊቱን ሙሉ «ኤ፣ ዲ፣ ዲ፣ ቢ» እያለ የደገመ ልጅ ሌላ ኮድ ከደረሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከሚያጠቁረው አይሻልም።

ስለ ማጥቆር ካነሣን ሒሳቡን እንሥራው። አራት ምርጫ ላለው ጥያቄ ግምት በአማካይ ሩቡን ይሰጣል። ስድስት ትምህርት ከ600 ነው፤ በግምት ብቻ 150። የሚፈለገው 300። ከሦስት ጥያቄ አንዱን አውቆ የሠራ 200 ይይዛል፣ የቀረውን ቢገምት 100 ይጨመርለታል፤ ደረሰ ማለት ነው። ከሦስት አንዱን ማወቅ! እንዲህ ያለ ጭካኔ ምን ይባላል?

ጠላቶችሽ ምን እንደሚያደርጉ ልንገርሽ፣ እንድትጠነቀቂ። ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰዓት ይዘው ይሠራሉ። ሲታረሙ የሳቱትን በሦስት ይከፍላሉ፦ ጨርሶ የማላውቀው፣ ጥያቄውን አሳስቼ ያነበብኩት፣ ስሌት የተሳሳትኩት። የመጀመሪያውን ይዘው ወደ መማሪያ መጽሐፉ ይመለሳሉ፤ አንዳንዱማ ሳያፍር የ9ኛ ክፍልን ሒሳብ ይከፍታል፣ የ12ኛው ካልኩለስ የሚያቅተው አልጀብራው ስለላላ ነው ብሎ። ከሳምንት በኋላ ያንኑ የሳቱትን ጥያቄ መልሱን ሳያዩ ደግመው ይሠሩታል። ይባስ ብለው በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ጊዜ አጥንተው ብዙ ቦታ ያተርፋሉ። ስግብግቦች! አፕቲትዩድም ከመቶ የሚያዝ መሆኑን ደርሰውበታል፤ የኛ ልጆች ግን «እሱ አይጠናም» ብለው በክብር ትተውታል።

ደግነቱ ላልደረሰው ረሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ። መጀመሪያ ሲጀመር ከመቶው 30ው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ 70ው በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ተብሎ ነበር፤ ማለፊያው 50። እንግዲህ 30ውን አንቺ በወንበር አቀማመጥ ሙሉ ለሙሉ አስገኝተሽ ይሆናል እንበል። 50 ለመሙላት ከ70ው 20 ማግኘት ይቀራል። ግምት በአማካይ 17.5 ይሰጣል።

ለሁለት ነጥብ ተኩል ብሎ ደግሞ ልጅ ደብተር ይግለጥ?