ዳኛው የት ይሰቀል?

ስማርት ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ዕቃ፣ ገዝቼ ስገባ ቤታችን ሰላም የሚወርድ መስሎኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ባለቤቴ ማሞቂያውን ከፍ፣ እኔ ዝቅ፣ እሷ ከፍ፣ እኔ ዝቅ እያደረግን ነው የኖርነው። አሁን ወገን የማይለይ ዳኛ መጣ። በስልክ ይታዘዛል፣ ቤት ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ያውቃል። የቀረችው አንዲት ጥያቄ ናት፤ የት ይሰቀል?

በእሷ ሦስት ቀን ተኮራረፍን።

ባለቤቴ «መስኮቱ ጋ» አለች። የምትቀመጠው እዚያ ነዋ! ዳኛው ብርዱን ቀምሶ ይፍረድ ነው ነገሩ። ልጃችን መኝታ ቤቱን አጨ። አማቴ ደግሞ «በሩ አጠገብ አድርጉት፣ የገባ የወጣው ይየው» አሉ። ዋጋውን ከሰሙ በኋላ ነው እንግዲህ። እኔ ከቴሌቪዥኑ በላይ አልኩ። ለዓይን ያምራል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ተንኮል የለኝም። (አለኝ። እመለስበታለሁ።)

ድሪሉ በእጄ ስለነበር እኔ አሸነፍኩ። አሮጌውን ከሳሎኑ መሃለኛ ግድግዳ ነቀልኩ፤ ገመዱን በኮርኒሱ ጥግ እንደ ሐረግ ስቤ አዲሱን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት።

ማታ ፊልም ተከፈተ። ቴሌቪዥን ሲሠራ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ተንኮሌ ይህች ነበረች። ዳኛው 24 ዲግሪ ገብቶ ላብ በላብ ሆነና ማሞቂያውን ዝም አሰኘው። እኛ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበን ጥርሳችን ይንገጫገጫል። የእኔም ጭምር። ስልኬን አውጥቼ «ቤቱ እኮ ሞቋል፣ እዩት» አልኩ። አማቴ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ብቅ ብለው፣ «የሞቀው እሱ ነው፤ እኛን ማን ጠየቀን?» አሉ።

ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት። ቴርሞስታት የቤቱን ሙቀት አያውቅም። የሚያውቀው የተሰቀለባትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው።

የመስኮቱን ሙከራ ባላወራው ይሻላል። ቀን ፀሐይ መትታው በጋ ገባ አለ፤ ማታ የመስታወቱ ብርድ ሲደርስበት እኛን ሊቀቅለን ምንም አልቀረው።

በአራተኛው ቀን መመሪያውን አነበብኩ። ከወለሉ 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። ግድግዳው የውስጥ ይሁን እንጂ ወደ ውጭ የሚዋሰን አይሁን። ፀሐይ አይምታው። ከበርና ከመስኮት ነፋስ ይራቅ፣ ከምድጃ ይራቅ፣ ከማሞቂያው አፍ ይራቅ። መደርደሪያና መጋረጃ አይጋርደው። ክፍሉም ቤተሰቡ የሚውልበት ይሁን። እንዲህ መራጭ ሙሽራ አይቼ አላውቅም! ሜትር ይዤ ከግድግዳ ግድግዳ ስዞር ዋልኩ። ሁሉም ወደቁ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ አሮጌው ቴርሞስታት ተነቅሎ ነጭ ምልክቱ የቀረበት።

መለስኩት። አሁንም ሁለት ዲግሪ ይዋሻል። ለካ ገመዱ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል የግድግዳው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ማጅራቱ ላይ ይተነፍስበታል። ደፈንኩትና እውነት መናገር ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1883 የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት ፓተንት ያወጣው ዋረን ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ መምህር ነበር። የክፍሉን ሙቀት ለማየት ሠራተኛ እየገባ ትምህርቱን ቢያቋርጥበት ጊዜ መላ ፈለገ። ታድሎ! እሱን ያስቸገረው በር ከፍቶ በግላጭ የሚገባ ሰው ነው።

እኔ ትናንት ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ዳኛው አናት ላይ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። በርዶት ማሞቂያውን ለቆታል። ጉቦ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ፎጣው የባለቤቴ ነው። ድምፅ ሳላሰማ አነሳሁትና የጠረጴዛ መብራቱን አምጥቼ ከሥሩ አበራሁለት።