የሰኔ አደጋ ተከላካዮቻችን

እስቲ ዛሬ የሚገባቸውን ምስጋና ያላገኙ ሰዎችን እናመስግን። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ማለቴ አይደለም። እነሱማ የሚሮጡት እሳት ሲነሳ ነው። እኔ የማወራው በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ ማንም ያላየውን አደጋ ቀድመው አይተው ያለ ጨረታ የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ስለሚገዙልን የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነው።

ሕጉ የዋህ ነው። የ2001ዱ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649ም ሆነ በ2016 የተካው አዋጅ ቁጥር 1333 መነሻቸው ግልጽ ጨረታ ነው። ጋዜጣ ላይ ይውጣ፣ ተጫራች በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ (ሲፒኦ) ያስይዝ፣ ፖስታው ሁሉም ባለበት ይከፈት። ታዲያ ሕግ አውጪው ለክፉ ቀን ብሎ አንዲት በር ገርበብ አድርጎ ተወ፤ ቢዘገይ ከባድ ችግር የሚያመጣ አጣዳፊ ነገር ከገጠመ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት ይቻላል። ጎርፍ መጥቶ ድንኳን ሲያስፈልግ፣ ኮሌራ ገብቶ መድኃኒት ሲያልቅ ማለቱ ነበር። የኛ ጀግኖች ግን አርቀው አሰቡ። የፕሪንተር ቀለምም (ቶነር) እኮ ያልቃል!

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ይህን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ግን አደጋ እንዲደርስ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ዕቅድ ይወጣል፣ መስከረም ዕቅዱ ይከለሳል፣ ጥቅምት ላይ ስለ ዕቅዱ አዳማ ወርዶ ሥልጠና ይወሰዳል፣ ከዚያ ከየክፍሉ የፍላጎት ዝርዝር ይሰብሰብ ይባላል፣ ሁለት ክፍሎች አይልኩም፣ ይጠበቃሉ፣ መጋቢት ላይ ስፔሲፊኬሽኑ ልክ አይደለም ይባላል፣ ፋሲካ ይመጣል፣ ግንቦት የት እንደገባ ሳይታወቅ ያልፋል። ከዚያ ሰኔ። ያልተነካው ብር ወደ ግምጃ ቤት ሊመለስ ነው! ከዚህ በላይ ምን አደጋ አለ? ሌላ ሰው ሰኔና ሰኞ የሚገጥምበት በስንት ዓመት አንዴ ነው። የግዥ ክፍል ላይ ግን ሰኞ ዋለ ማክሰኞ፣ በየዓመቱ ይገጥማል። በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ ደብዳቤው ላይ «አስቸኳይ» ብሎ ለመጻፍ እጅ አለመንቀጥቀጡ ራሱ ያስደንቃል።

ቀጥታ ግዥው ለዓይን የሚበዛ ከሆነ ደግሞ ፕሮፎርማ አለ፤ ለትንንሽ ግዥ ከጥቂት ሱቆች ዋጋ ሰብስቦ መግዛት ማለት ነው። ትልቁን ግዥ ትንንሽ አድርጎ መቆራረጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ግን አንድ መቶ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ያስፈልጋል ያለው ማነው? ዛሬ አሥር፣ ነገ አሥር፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ሦስት ሱቆች ዋጋ ያቀርባሉ። ሦስቱም ወረቀት ላይ ፊደሉ አንድ ነው፣ የፊደል ስህተቱም አንድ ነው፣ ዋጋው ብቻ በመቶ በመቶ ብር ይበላለጣል። እንግዲህ የነጋዴው ማኅበረሰብ ይህን ያህል አንድ ልብ የሆነበት ሌላ መስክ ካለ ንገሩኝ።

ትልልቆቹን ካላነሳሁ ደግሞ ቅር ይላቸዋል። ኅዳር 2011 የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ያለ ጨረታ የፈጸመው የውጭ ግዥ 37 ቢሊዮን ብር እንደሚደርስ ሲናገሩ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ ግን ያሰብኩት የተቆጠበውን ወረቀት ነው። ጎበዝ፣ ያ ሁሉ ብር በጨረታ ይሁን ቢባል ስንት ሺህ ገጽ ሰነድ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ የስንት ኮሚቴ አበል! ጨረታ መዝለል ጊዜም ይቆጥባል ይባላል። የተቆጠበው ጊዜ የት እንደገባ ለማወቅ ሜቴክ እገነባለሁ ብሎ የያዛቸውን የያዩን ማዳበሪያ ፋብሪካ ወይም እነዚያን የስኳር ፋብሪካዎች መጠየቅ ነው። እኔ እንዳይሰለቸኝ ብዬ ተውኩት።

ዋና ኦዲተርንም ማመስገን ተገቢ ነው። በየዓመቱ ምክር ቤት ቀርቦ የግዥ ሕግን ሳይከተል የተገዛውን ያነባል፣ በሚቀጥለውም ዓመት ያነባል። ቋሚ ኮሚቴው ኃላፊውን ይጠራል። ኃላፊው «አስተያየቱን በቀና መንፈስ ተቀብለነዋል» ይላል፤ ደግሞም እሱ ከተሾመ ገና ሦስት ወሩ ነው። በፊት የነበረው? እሱማ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዶ እዚያ ገና ሦስት ወሩ ነው።

አሁን ታዲያ አንዳንድ ምቀኞች ይህቺን የአስቸኳይ ግዥ በር እናጥብባት እያሉ ነው። ለምን እንዳስቸኮለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ አደጋውን ለማለፍ የሚበቃው ያህል ብቻ ይገዛ፤ ከማን፣ በስንት እንደተገዛ በቀናት ውስጥ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ኦዲተሩም ዓመት ሳይጠብቅ ወዲያው ይየው። ይሁን ብንል እንኳ አንዱ ጭካኔ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተኝቶ ያመጣው ችኮላ እንደ አደጋ አይቆጠር ይላሉ! ይህ ከጸደቀ ሰኔ ላይ ምን ሊሠራ ነው? በዚያ ላይ ግዥው ሁሉ በኤሌክትሮኒክ ይሁን ተብሏል። ኮምፒውተር ደግሞ ጥያቄው መቼ እንደመጣ፣ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ሰዓቱን ይመዘግባል። ኔትወርክ በመጥፋቱ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ሐሳብ አለኝ። አስቸኳይ ግዥ እንደማንኛውም ግዥ ሐምሌ ላይ በዓመቱ ዕቅድ ይያዝ። የአደጋው ዓይነት፦ ወንበር። የምንደነግጥበት ቀን፦ ሰኔ 18። አቅራቢ፦ ይታወቃል። ባለሱቁም ሳይዋከብ ዕቃውን ያዘጋጃል። የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 እንደሆነ ድሮም ዕቃው ሳይገባ ስለሚቆረጥ እሱ ባለበት ይቀጥል።