ሲያበድር ጎረቤት፣ ሲከሰስ እንግዳ

ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ አንድ የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ሰው ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ ፎርክሎዠር (ባንክ በዕዳ ቤት ወስዶ መሸጡን) ለማስቆም የተከፈተ ክስ ከስቴት ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቢዛወር የቤቱ ባለቤት የሚጎዳው ነገር የለም ሲል ሰማሁት። ሕጉ ያው የስቴቱ ሕግ ነው፤ የሚቀየረው ዳኛው ብቻ ነው አለ።

እሺ። ታዲያ ለውጥ ከሌለው አበዳሪ ኩባንያዎቹ ክሱ በደረሳቸው በ30 ቀን ውስጥ ለማዛወር ምን ያሯሩጣቸዋል? ለጠበቃ በሰዓት የሚከፍሉት ለጽድቅ ነው?

ይበልጥ የሚያበሽቀኝ የሚያቀርቡት ምክንያት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የተለያየ ስቴት ዜጋ ከሆኑና የሚከራከሩበት ነገር ዋጋ ከ75,000 ዶላር ካለፈ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያየዋል። ዛሬ ከዚያ በታች የሚሸጥ ቤት ካያችሁ ንገሩኝ። የሕጉ ሐሳብ ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው በአገሬው ዳኛ እንዳይበደል ነው። ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ ሆኖ፣ የካሊፎርኒያ የቤት ባለቤቶች ሲከሱት የደቡብ ዳኮታ ዜጋ ነኝ አለ። ለምን ቢባል፣ መመሥረቻ ሰነዱ ላይ ዋና ቢሮው ሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ ነው ተብሎ ተጽፏላ! ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2014 አዎ፣ የደቡብ ዳኮታ ብቻ ነህ አለው። በየመንገዱ ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ኑ ተበደሩ ሲል የከረመ ባንክ ክስ ሲመጣ መንገደኛ ሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ!

ዳኛው ብቻ ነው የሚቀየረው ላለው ሰውዬም መልስ አለኝ። ከ2007ና ከ2009ኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ወዲህ፣ በፌዴራል ክስህ ገና ከጅምሩ አሳማኝ ዝርዝር ካልያዘ ይዘጋል። ዝርዝሩ ያለው የት ነው? ባንኩ ፋይል ውስጥ! ጠበቃ የሌለው ሰው ያንን ከየት ያምጣ?

ብዙዎቻችን ያለንበት ቨርጂኒያ ደግሞ ባንኩ የተበዳሪውን ቤት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ባለቤቱ ነው ሐራጁ ሳይደርስ ሮጦ መክሰስ ያለበት። ከስሶም ፍርድ ቤቱን የሚመርጥለት ባንኩ ነው፤ ለዚያውም አስቀድሞ የዳኛ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ማስታወቂያ አስገብቶ ብቻ።

ተራ ኩባንያ በተመዘገበበት ስቴትም፣ ሥራውን በሚመራበት ስቴትም ዜጋ ነው። ባንክ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። ኮንግረስ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ያልቅ ነበር።