ርብቃ ለባሏ ለምን አልነገረችውም?

ርብቃ ባሏን ይስሐቅን አታልላ ለታላቁ ልጇ ለዔሳው የታሰበውን ምርቃት ለታናሹ ለያዕቆብ አሰጠችው። ለርብቃ የሚከራከሩ ሰዎች ለዚህ አንድ መልስ አላቸው። «እግዚአብሔር አስቀድሞ ነግሯት ነበር» ይላሉ። እውነት ነው። መንትዮቹ በሆዷ ሲገፋፉ ጠይቃ «ታላቁም ለታናሹ ይገዛል» ተብላለች (ዘፍጥረት 25)። ስለዚህ ያዕቆብን ማስመረቋ ልክ ነበር ይሉናል። እኔ አልስማማም። ቃሉ የሚሆነውን ነገራት እንጂ አታልዪ አላላትም።

ምዕራፍ 27ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ይስሐቅ አርጅቷል፣ ዓይኑ ፈዟል። ዔሳውን አደን ልኮታል፤ ሲመለስ ሊመርቀው ነው። ርብቃ ይህን ሰማች። ያዕቆብን ሁለት ጠቦት አስመጣችው፣ የዔሳውን ልብስ አለበሰችው፣ እጁንና አንገቱን በጠቦቶቹ ቆዳ ሸፈነች። እኔን ከሁሉ የሚያመኝ ግን ምግቡ ነው። ባሏ የሚጥመውን አብራው ስለኖረች ታውቃለች። ያንኑ እውቀቷን ነው ለማታለያ ያዋለችው።

ፈሪ ግን አልነበረችም። ያዕቆብ እንዳይያዝ ብቻ ነው የሰጋው፤ ውሸቱ አላስጨነቀውም። እሷ «እርግማንህ በእኔ ላይ ይሁን» አለችው። እንዲህ ለማለት አንጀት ይጠይቃል። ለዚህ አከብራታለሁ።

ዋጋውንም ከፍላለች። ዔሳው ያዕቆብን እገድለዋለሁ ብሎ ሲዝት፣ ለጥቂት ቀን ብላ ወደ ወንድሟ ወደ ላባ የላከችው ልጅ 20 ዓመት ቆየ። ዳግም እንደተያዩ መጽሐፉ አይናገርም። ሞግዚቷ ዲቦራ የተቀበረችበት ዛፍ እንኳ ተጽፏል፤ የርብቃ አሟሟት ግን አልተተረከም።

ዔሳውም እኮ ልጇ ነው። አባቱን «ምርቃትህ አንዲት ብቻ ናት ወይ?» ብሎ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ የት ነበረች?

ያን የእግዚአብሔር ቃል ለይስሐቅ ነግራው ቢሆንስ? ነገረችው የሚል ቦታ የለም። «ቢነገረውም አይሰማትም ነበር» የሚለኝ ሰው የምዕራፉን መጨረሻ ይመልከት። የዔሳው ሚስቶች፣ እነዚያ የኬጢ ሴቶች፣ እንዳስመረሯት ለባሏ ነገረችው። ያዕቆብም ከነሱ ካገባ በሕይወት መኖሬ ምን ይጠቅመኛል አለችው። እርግጥ ነው፣ የዔሳውን የግድያ ዛቻ እዚህም አላነሣችበትም። ይስሐቅ ግን አልተከራከራትም። ያዕቆብን ጠራው። ከላባ ልጆች ሚስት እንዲያገባ ሲሸኘው የአብርሃምን በረከት፣ ዘሩንና ምድሩን፣ ሰጠው። ዓይኑ ያኔም አያይም። የሚመርቀው ማንን እንደሆነ ግን ያውቅ ነበር።